በጥቁር የታተመ ቀይ ቀለበት

ግንቦት 4

ሌሊቱን ዘነበ። የድንቹ መደብ ውኃ አልያዘም፤ ባለፈው ሳምንት ቦዩን ማስተካከሌ ጠቀመ። ጫማዬን ጠረግኩ፣ ራዲዮ ሰማሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኮምፓስ እንዲህ ደጋግሜ ይዤ አላውቅም።

ለገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር የጀመርኩት ዛሬ አለቀ። የገብስ ጆንያ ዓርማ። ልጄ ዮዲት "ሎጎ" ትለዋለች... ከተማ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አላት፤ እኔ በእጅ የሣልኩትን እሷ በኮምፒውተር አስተካከለችው። አንድ የገብስ ዛላ፣ ዙሪያውን ቀለበት። ማኅበሩ ሁለት ዓይነት ገብስ ይሸጣል፤ የሚበላና የሚዘራ። የሚዘራው ተባይና በሽታ እንዳይነካው መድኃኒት የተቀባ ነው። ለሚበላው አረንጓዴ ቀለበት አደረግኩ፣ ለሚዘራው ቀይ። ዛላው በሁለቱም ያው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ይለያል። ከቀዩ ሥር በቀጭን ፊደል "ለምግብ አይሆንም" ይላል።

ደርበው መጥቶ አየው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። በልጅነቱ ዳንግላ አስተምሬዋለሁ፤ ክብ መሣል ሳይሆንለት ነው ትምህርቱን የጨረሰው።

"መምህር፣ የራስ ቅል ነገር አይገባበትም? መርዝ ዕቃ ላይ እንደሚደረገው።"

"ዘር እኮ ነው። ገበሬው ፈርቶት ይመለሳል። ደግሞም ከቀለበቱ ጋር አይሄድም።"

"እርስዎ ካሉ።" ሳቀ። "የእኔንማ ክብ ያውቁታል።"

ግንቦት 8

ዮዲት በወረቀት አትማ አመጣች። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። በማስመሪያ ለካሁ። የዛላው ጫፎች ከቀለበቱ እኩል ይርቃሉ። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ሰክቼ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ጥሩ ነው።

የመድኃኒቱ ስም የት ይጻፍ ስትል ጠየቀች። ቦታው ይጨናነቃል አልኳት። ተወችው።

እህቴ ፀጋነሽ ለገበያ መጥታ ምሳ አብረን በላን። ከጥሊሊ ወዲያ ገጠር ነው የምትኖረው። ፊደል አልቆጠረችም። ግድግዳው ላይ ስታይ፣ "ይኼ ያንተ እጅ ነው?" አለች። ቀለበቱን በጣቷ ዞረችው።

"ያምራል፣ ወንድም ጋሼ።"

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ።

ግንቦት 19

ጆንያዎቹ ዳንግላ ታትመው ደርሰዋል፣ ገብሱም ተሞልቶ መውጣት ጀምሯል አሉ። ገና አላየኋቸውም። ጉልበቴ በዚህ ዝናብ አልታዘዝ ብሏል። ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ጥሊሊ የሚሄደውም ሚኒባስ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል።

ሰኔ 1

ዛሬ ጆንያዎቹን አየኋቸው።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ ኋላው ላይ ሁለት ጆንያ ተጭኗል። የእኔን ዓርማ ከሩቅ አወቅሁት። ቀረብኩ። ጥቁር ነው። ዛላውም ቀለበቱም ጥቁር። ሁለተኛውን አየሁ። እሱም ጥቁር።

ሁለቱ አንድ ናቸው። የትኛው ይበላል? የትኛው ይዘራል?

ጎንበስ ብዬ መረመርኩ። ከአንደኛው ሥር ወፍራም ጥቁር መስመር አለ። እኔ መስመር አላሰመርኩም... ጽሑፌ ነው። ቀጭኑ ፊደል በሸካራው ጆንያ ላይ ቀለሙ ተስፋፍቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንድም ፊደል አይነበብም።

ባለቤቱ ከባጃጁ ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ምን ጠፋዎት አባባ?"

"ይኼ ገብስ ለምንድን ነው?"

"አንዱ ለማሳ፣ አንዱ ለቤት።"

"ለማሳ የትኛው ነው?"

ሁለቱን ተራ በተራ አየ። "እ... ሲፈታ ይታያል።"

መስመሩ ያለበትን አሳየሁት። ይኼ መርዝ ተቀብቷል፣ እንዳትበሉት አልኩት። አይቶኝ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወ።

ዳቦውን ሳልገዛ ዮዲት ጋ ሮጥኩ። መሮጥ ከተባለ። ነገሩን ታውቃለች፤ ትናንት ነው የሰማችው። አታሚዎቹ ጋ ቀይም አረንጓዴም ቀለም አልቆ ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋ ከባሕር ዳር አልመጣም። ደርበው የዘሩ ጊዜ እያለፈ ነው፣ በጥቁር ይውጣ ብሏቸዋል።

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"በምን ይጠይቁህ አባዬ? ኔትወርክ የለም። ግን... በጥቁር ብቻም መለየት ነበረበት። መጀመሪያ በጥቁር አትሜ ማየት ነበረብኝ።"

"ነበረብን" አልኩ።

ልዩነቱን ሁሉ በቀለም ላይ ጣልኩት። ቀለሙ ሲሄድ ምን ቀረ? ቆንጆ ዛላ።

ሰኔ 2

ከደርበው ጋር መጋዘን ገባን። ሁለቱ ዓይነት ጆንያዎች እየተቀላቀሉ ተደርድረዋል። የጫነውም ያወረደውም ሰው ምን ያድርግ? አንድ ዓርማ ነው ያየው።

"ሲፈታ እኮ ይለያል መምህር። የተቀባው ቀላ ይላል።"

ፈታን። እውነትም ቀላ ይላል። ግን ይህ አገር አፈሩ ቀይ ነው። ቀይ አቧራ ያልነካው እህል የት አለ? እፍኝ አንሥቼ ጣሳ ውስጥ በውኃ አሸሁት። ውኃው ቀላ። ገብሱ ነጣ።

ደርበው ጣሳውን ትኩር ብሎ አየ።

"አጥቦ የሚቆላው ሰው አለ" አልኩ። "አጥቦ የሚያስፈጨው..."

"ይበቃል መምህር።"

ሥራ ተከፋፈልን። ደርበው ወደ አዘና። የማኅበሩ ሰዎች ወደ ጥሊሊ። ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያው እንዲነገር ካህናቱን ለመንን፤ ዮዲት ወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት ሄዳ ነገረች። እኔ እዚሁ እንጅባራን በየቤቱ። ጥሊሊ ሱቆች የደረሰው ከሁሉ በፊት ነው አሉ... ከአንድ ሳምንት በላይ ሆኖታል።

ሰኔ 3

ጎህ ሲቀድ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ከአልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ማን ነው? ልጅ ነው? ሆዱን ታሞ ነው? ልብሴን ገልብጬ ለብሼ ወጣሁ።

ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

ሰኔ 5

ከበር በር። "ገብስ ገዝታችኋል? ጆንያውን አሳዩኝ።" አንዳንዱ ቤት ያስገቡኛል፣ አንዳንዱ ጋ ቆጠራ የመጣሁ መስሏቸው ልጆቹ በአዊኛ ይንሾካሾካሉ። አንዲት እናት የተቀባውን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታው አገኘሁ። ለቆሎ። ልጇ አጠገቡ ተቀምጦ ዶሮ ያባርራል። አፉን ከፍቼ አየሁት... ጥርሱ ላይ ምንም የለም። "ገና ነው፣ አልተቆላም" አለች እናቱ፤ ልጇን አንሥታ ታቀፈችው።

ስመለስ ጎረቤቴ ዋጋዬ ደክሞዎታል ብላ በሶ በጠበጠችልኝ።

"ገብሱ ከየት ነው?"

"መምህር ደግሞ። ልመርዝዎት ነው እንዴ?"

ሳቀች። አልጠጣሁም። ብርጭቆውን ይዤ ቆይቼ መለስኩላት። ቅር አላት።

ሰኔ 6

ደርበው ከአዘና ተመለሰ። እዚያ የሄደው ሁሉ ተገኝቷል፤ ግማሹም ተዘርቷል። የጥሊሊዎቹም መጡ። ከአንድ ጆንያ በቀር ሁሉም ተገኝቷል።

አንድ።

ባለሱቁ የሸጠው ለአንዲት ሴት ነው። መልኳን አያስታውስም። የገበያ ቀን ነበር። "ለጠላ ነው ያለች ይመስለኛል" ብሏል።

ይህን ስሰማ ተቀመጥኩ። ለጠላ ከሆነ ለብቅል ነው። ለብቅል ምን ዓይነት ገብስ ይመረጣል? ፍሬው ሙሉ የሆነ፣ ሳይነቅዝ የቆየ፣ እኩል የሚበቅል። ዘር ማለት ይኸው አይደለም? በእጇ ዘግና ያየች ሴት ከሌላው ሁሉ ይህንን ትመርጣለች። ታጥበዋለች። ትነክረዋለች። ቀዩ ይሄዳል። ከዚያ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ጋን ይገባል። ከጋን ስንት ሰው ይጠጣል?

ጠላ የሚጠመቀው ለሰው ነው። ለብቻው የሚጠምቅ የለም።

ሰኔ 8

ኔትወርክ መጣ። ስልኬ ሲጮህ ደነገጥኩ። ፀጋነሽ ናት። ስለ ጆንያው ላስጠነቅቃት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመች።

"ወንድም ጋሼ፣ የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። እንዳትቀር። ጉልበቴ ምናምን አትበለኝ።"

"ስሚ ፀጌ፣ ገብስ..."

"ዶሮዎቼን ፈንግል ጨረሰብኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን! አንዲት እንኳ አልተረፈችኝም።"

"ምን አብልተሻቸው ነበር?"

"ምን አበላቸዋለሁ? ብቅሉን ስነክር የተንሳፈፈውን ደፋሁላቸው።"

"ገብሱን ከየት ገዛሽው?"

"ከጥሊሊ ነዋ። ያንተን..."

ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ። መልሼ። መልሼ። ኔትወርክ የለም።

መነኸሪያ ሄድኩ። ዛሬ የሚወጣ መኪና የለም፤ ነገ ጠዋት ይኖራል ይላሉ። በእግሬ ልሂድ? ዮዲት ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ማኅበሩ ሰኔ 12 ነው። ጊዜ አለ። አለ ወይ? ጠላ የሚጠምቅ ሰው እኮ ይቀምሳል።

ሰኔ 10

ጥሊሊ፣ ጤና ጣቢያ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ትናንት የመጀመሪያውን ሚኒባስ አገኘሁ። ከጥሊሊ በኋላ በእግር፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ "ፀጋነሽ ደኅና ናት?" እላለሁ። "ደኅና ናት፣ ድግስ ላይ ናት" ይሉኛል። ድግስ ሲሉ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ጋኑ ጥግ ላይ ታሽጎ ቆሟል። እሷ መደብ ላይ ጋደም ብላለች፣ ራሷን በመቀነት አሥራ።

"ምነው ቀደምክ? ማኅበሩ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል እኮ" አለች።

"ቀምሰሻል?"

"ሳይቀመስ ጠላ ይሆናል እንዴ?"

"መቼ?"

"ሲጠነሰስም... ዛሬም።" ሆዷን ያዘች። "ጨጓራዬ ነው። ተነሥቶብኝ ነው።"

"ሌላ ማን ቀመሰ?"

"ማንም። ጠላዬን ሳይደርስ ለማን እሰጣለሁ?"

ነገርኳት። የዘር ነው፣ መርዝ የተቀባ ነው አልኳት። ወግድ አለችኝ። ተነሥታ ባዶውን ጆንያ ከጓዳ አወጣች። በንጽህና አጥፋ አስቀምጣዋለች።

"ይኸው። ያንተ ምልክት ያለበት ነው። ባለሱቁ ሌላ ጆንያ ሊያወጣልኝ ሲል፣ 'አይ፣ የወንድሜ እጅ ያለበትን ስጠኝ' አልኩት። እኔ ያገኘሁትን አልገዛሁም።"

ጥቁሩ ቀለበት። ከሥሩ ያ መስመር። ግንቦት 8 ቀን ቀለበቱን በጣቷ ስትዞረው ምን ነገርኳት? ምንም። ያምራል ስትለኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላልኳትም።

ጋኑን ልገለብጥ ስል ክንዴን ያዘች።

"ማኅበርተኛው ሲመጣ ባዶ ጋን ላሳይ?"

"ፀጌ..."

"ተራዬን የጠበቅሁት ስንት ጊዜ ነው? ትንሽ ቀላቅዬ ባቀጥነውስ? ውኃ ብጨምርበት?"

"ዶሮዎቹ የት ናቸው?"

ወደ ጓሮ በር አየች። ረጅም ጊዜ እዚያው ስታይ ቆየች። ከዚያ መቀነቷን አጠበቀችና ጋኑን በአንድ ጎኑ ያዘች።

"በዚያ በኩል ያዝልኝ" አለች።

ከምንጩ ርቆ ጉድጓድ አስቆፍረን ደፋነው። ሽታው ጥሩ ጠላ ነበር። ጉድጓዱ አፈር ሲለብስ ማስመለስ ጀመራት። ከዚያ እግሯ አልያዛትም። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መንገድ አወጧት።

እዚህ ያለችው የጤና ባለሙያ አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችኝ።

"መድኃኒቱ ምን ዓይነት ነው? ስሙን ካወቅሁ ነው የምረዳት። ጆንያው ላይ አልተጻፈም?"

አልተጻፈም። ቦታው ይጨናነቃል ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ደርበው የመድኃኒቱን ዕቃ ይዞ ደረሰ። ሰው ልኬበት ነው። ባለሙያዋ ስሙን አንብባ ወዲያው ገባች። እሱ ደጅ ቀረ፤ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ። በጥቁር ይውጣ ያለው እሱ ነው። በቀለም ብቻ የለየሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 11

ላብ በላብ ሆናለች። ስትጠራኝ በአባታችን ስም ጠራችኝ።

እኔም አቤት አልኩ።

ሰኔ 12

ሚካኤል። ከደብሩ የቅዳሴው ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። በዚህ ሰዓት ጋኑ ተከፍቶ፣ ቤቱ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ... አልጨርሰውም።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ጠየቀች። ጠጣች። አልመለሰውም።

ሰኔ 16

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከስታለች፤ እጇ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

ማኅበርተኞቹ የየራሳቸውን ዳቦና ጠላ ይዘው መጡ። እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ተቀበለቻቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ "ፀጋነሽ፣ ዘንድሮ ጠላሽ ጠንካራ ነው አሉ" አሉ። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላው ሳቀ። እኔ ወጥቼ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ።

ሰኔ 23

እንጅባራ። ከዮዲት ጋር ከአዲስ ጀመርን።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በጥቁር ብቻ። ቀለም ኋላ ይምጣ፣ ባይመጣም ግድ የለም። አሳንሰን እናትማለን። ወረቀት ላይ አይደለም፣ ቁራጭ ጆንያ ላይ። ቀለሙ ሳይደርቅ በእጄ አሸዋለሁ። መጋዘን ወስጄ በሩን ገርበብ አድርጌ አየዋለሁ። ጭቃ እቀባዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይለይ ከሆነ ይጣላል። እስካሁን ሁሉንም ጥለናል።

በዘሩ ላይ ዛላ አይኖርም። ዛላ ያየ ሰው ምግብ ነው የሚያየው። የመድኃኒቱ ስም ይጻፋል፣ በወፍራም ፊደል። ይጨናነቅ።

ደርበው ያለ እኔ ፊርማ አንድም ጆንያ አይወጣም ብሏል። አልፈለግሁትም ነበር። ግን እሺ አልኩ።

ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያገኘናቸው ጆንያዎች ሁሉ በእርግጥ ሁሉም ናቸው? ባለሱቁ አንዱን ረስቶ ቢሆንስ?

ሐምሌ 1

ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ተነፋ። ወጣሁ። ጠየቅሁ። በወሊድ ነው አሉኝ።

አልቅሼ ተመለስኩ። አሁን እፎይ ማለት አልችልም።

ሐምሌ 7

ፀጋነሽ ጋ ሄድኩ። ጉንጯ ትንሽ ሞልቷል። ጫጩቶች ገዝታለች፤ ስገባ በእግሬ መሃል ተሯሯጡ።

ከቦርሳዬ ቁራጭ ጆንያ አወጣሁ። ጥቁር ህትመት ነው። የራስ ቅል፣ ሁለት የተጋደሙ አጥንቶች፣ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ሰረዝ። ቀለበት የለውም። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ደጃፉ ላይ ዘረጋሁላት።

አየችው። በጣቷ አልነካችውም።

"ምን ይልሻል?" አልኩ።

"ያስጠላል።"

"ሌላስ?"

"የማን እጅ ነው?"

"የእኔ።"

"ያንተ አይመስልም።" አንዲት ጫጩት ጨርቁ ላይ ልትወጣ ስትል በእጇ መለሰቻት። ከዚያ ሌላዋንም። ሁሉንም ወደ ጉያዋ ሰበሰበቻቸው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይኼን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ" አለች።

አጥፌ ይዤው ወጣሁ።